እምነት ሐይቅን ያድናል? ከሐረማያ እስከ ሆራ፣ ከሆራ እስከ ድሬዳዋ ቧንቧ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ማንቆርቆሪያውን ያውቃል። ሻይ ሲፈላበት ከርሞ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል። ልጆች ሳለን በማንኪያ እየፋቅን "ይሄ ምንድን ነው?" ስንል መልሱ ሁሌ አንድ ነበር፦ "የድሬ ውሃ ነዋ!" በኋላ ምህንድስና ስማር ነገሩ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሆነ ገባኝ። የዝናብ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ ያሟሟዋል። ውሃው ሲፈላ ደግሞ የሟሟው ኖራ መልሶ ይጠጥራል። ስለዚህ ያ ቅርፊት አንድ ነገር ይነግራችኋል፦ የምትጠጡት ውሃ የመጣው ከመሬት ሥር ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ግን በዋናነት ስለ ሐይቅ ነው፤ ስለ አንድ የደረቀ ሐይቅና ስለ አንድ የሚከበር ሐይቅ። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሰዎች አንድን ውሃ የተቀደሰ ነው ብለው ሲያምኑ ውሃው በእውነት ይጠበቃል? ወይስ እንደዚያ ማሰብ ስለምንወድ ብቻ ነው? መጨረሻ ላይ ወደ ማንቆርቆሪያው እንመለሳለን፤ ምክንያቱም መልሱ እኛን ድሬዎችን በቀጥታ ይመለከተናል።

ዳገቱ ላይ የነበረው ሐይቅ

ከድሬዳዋ ተነስታችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስትወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ላይ ናችሁ። ትልልቆቹ ቦታውን እስካሁን "ዓለማያ" ይሉታል። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) የእርሻ ኮሌጁ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያ ሥራ ሲጀምር አጠገቡ ሰፊ ሐይቅ ነበር። ዓሣ ይጠመድበታል፣ ወፍ ይሰፍርበታል፣ ከድሬና ከሐረር ሰው ለመዝናናት ይሄድበታል። የሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃም ለአሥርት ዓመታት ከዚያው ሐይቅ እየተሳበ ነው የመጣው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ሐይቁ ደረቀ። በአንድ ሌሊት አይደለም። ዳርቻው በየዓመቱ ወደ መሃል እየሸሸ፣ ውሃው እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሜዳ ሆነ። ጀልባ የሄደበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ።

ምን ሆነ? መሐንዲስ ይህን ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚጽፈው አንድ መስመር ሒሳብ ነው፦ የገባው ሲቀነስ የወጣው ከቀረው ለውጥ ጋር እኩል ነው። ልክ እንደ ባንክ ደብተር። ገቢው ዝናብ፣ ከተራራው የሚወርድ ጎርፍና የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ወጪው ደግሞ ትነት፣ ስርገትና ሰው የሚቀዳው ነው።

የሐረማያ ደብተር በሁለቱም ወገን ነው የተጎዳው። ዙሪያው ያለው ኮረብታ ሲራቆት ጎርፉ አፈር ይዞ መውረድ ጀመረ፤ ደለሉ የሐይቁን ወለል ሞላው። የከተማው ፍላጎት አደገ። የጫትና የአትክልት ማሳዎች በዙሪያው ተስፋፉ፤ እያንዳንዱ ገበሬ በራሱ ሞተር ከሐይቁ ወይም ከዳሩ ጉድጓድ መሳብ ጀመረ። ትነቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ክፍት ሐይቅ በዓመት ከ1 ሜትር በላይ ውሃ በትነት ብቻ ሊያጣ ይችላል። ሐረማያ በጥሩ ዘመኑም ጥልቅ ሐይቅ አልነበረም። ዝርግ ሳህን ላይና ረጅም ብርጭቆ ላይ እኩል ውሃ ቅዱና ፀሐይ ላይ አስቀምጧቸው፤ ሳህኑ ቀድሞ ይደርቃል። ሐረማያ ሳህኑ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሲታይ ጥፋተኛ አይደለም። ገበሬው ልጆቹን ማብላት አለበት። ሐረሬው መጠጣት አለበት። ሁሉም ሰው የራሱን ሞተር ያውቅ ነበር፤ የሞተሮቹን ድምር የሚያውቅና "በዚህ ዓመት ይብቃን" ብሎ ሲናገር የሚሰማ ሰው ግን አልነበረም።

የተከተለው ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። ሐረር ስትጠማ መፍትሔው ከታች፣ ከድሬዳዋ በኩል መጣ። በ2000ዎቹ (ዓ.ም.) አስሊሶ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ውሃው ዳገቱን እንዲወጣ ተደረገ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም። እሱን 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት በንድፈ ሐሳብ 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ፓምፑ የሚያባክነውና ቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ሲጨመርበት ከ3 ያልፋል። በፊት ከቅርብ ሐይቅ ይመጣ የነበረ ውሃ አሁን ተራራ እየወጣ ነው የሚሄደው። አንድ ሐይቅ ሲሞት ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ቦታ ያለ ውሃ ነው።

ሆራ ላይ ምን ይደረጋል?

አሁን በአሮጌው የባቡር መስመር ወደ ምዕራብ እንሂድ። አዲስ አበባ ልትገቡ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ ቢሾፍቱ ናት። ከተማዋ ዙሪያ ክብ ክብ ሐይቆች አሉ፦ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴ፣ ኪሎሌ። እነዚህ የቅልጥ ዐለትና የከርሰ ምድር ውሃ ተገናኝተው በተፈጠረ ፍንዳታ የተከፈቱ ጉድጓዶች ናቸው። ከነሱ መካከል አንዱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በሰው ይጥለቀለቃል። ቀኑ የኢሬቻ ቀን ነው።

በዓሉን በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል። ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ፣ አባ ገዳዎችን ተከትሎ እየዘመረ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሣሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ በራሱና በሌሎች ላይ ይረጫል። ክረምቱን በሰላም ላሳለፈው፣ የሞላውን ወንዝ ላሻገረው ዋቃ ምስጋና ያቀርባል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሐይቁ አይመለክም። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፤ ውሃው ምስጋናው የሚቀርብበት ቦታ ነው። ልክ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ራሱ እንደማይመለክ፣ ግን ማንም ተነስቶ ቆሻሻ እንደማይደፋበት ማለት ነው።

ከዚህ ጀርባ ያለው ሐሳብ "ሰፉ" ይባላል። በአማርኛ በአንድ ቃል መተርጎሙ ይከብዳል፤ "ነውር"፣ "ክብር" እና "ሥርዓት" ሲደመሩ ወደሱ ይጠጋሉ። ሰውም እንስሳም ዛፍም ውሃም የየራሳቸው ቦታና ክብር አላቸው፤ ያንን መጣስ ሰፉን መጣስ ነው። በዚህ ምክንያት ኦዳ የሚባለው ትልቁ ዛፍ መጥረቢያ አያርፍበትም፤ በጥላው ሥር ስብሰባ ይደረጋል፣ ሕግ ይወጣል። "ሆራ" የሚለው ቃል ራሱ ማዕድን ያለበትን፣ ከብት የሚጠጣውን ውሃ ያመለክታል። ስሙ ውስጥ ከብቱም አርብቶ አደሩም አሉ።

ታዲያ በዓል ሐይቅን የሚጠብቀው እንዴት ነው? በእኔ አስተያየት ቢያንስ በሁለት መንገድ።

አንደኛው ወሰን ነው። መቶ ሺዎች በየዓመቱ የሚወርዱበት ዳርቻ ካለ፣ ያ ዳርቻ ባለቤት አለው ማለት ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ቢያጥረው "እኛ የት እንቁም?" የሚል ሰው ይኖራል።

ሁለተኛው ቀን ነው። ይሄኛውን መሐንዲስ ይወደዋል። ውሃ ስንለካ ዋናው ነገር በየጊዜው በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ወቅት መለካት ነው፤ አለበለዚያ የክረምቱን ሙላት ከበጋው ጉድለት ጋር እያወዳደርን እንሳሳታለን። ኢሬቻ ሳያስበው ይህንኑ ያደርጋል። በየዓመቱ፣ ክረምት በወጣ ማግስት፣ በዚያው ዳርቻ ሰው ይቆማል። አያት የቆሙበትን ድንጋይ ለልጅ ልጃቸው ያሳያሉ። ውሃው ዘንድሮ ከዚያ ድንጋይ ከራቀ የሚያዩ ዓይኖች አሉ። መሣሪያ የለም፣ ሠንጠረዥ የለም፣ ግን ምስክር አለ።

ግን ቆዩ፣ አትቸኩሉ

እዚህ ላይ "ሆራ የተቀደሰ ስለሆነ ተረፈ፣ ሐረማያ ስላልሆነ ሞተ" ብዬ ብጨርስ ጽሑፉ ያምር ነበር። እውነት ግን አይሆንም። ሁለቱ ሐይቆች እኩል አይደሉም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ልኬት የሆራ ጥልቀት እስከ 38 ሜትር ነው። ሐረማያ ሳህኑ ከሆነ ሆራ ብርጭቆው ነው። ሆራ ሰው ባያከብረውም ከሐረማያ ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር ሌላው ሁሉ እኩል መሆኑን መጠየቅ የሳይንስ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

እምነት ብቻውን የማይደርስበት ቦታም አለ። ጣናን ውሰዱ። በደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማት፣ እነ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል፣ ለዘመናት ዛፋቸውን ጠብቀዋል። ዙሪያቸው ያለው መሬት ሲራቆት ደሴቶቹ አረንጓዴ ሆነው ቆይተዋል። ይህ የእምነት ሥራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በ2011 (እ.ኤ.አ.) እምቦጭ ሐይቁ ላይ ታየ፤ ከዚያም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች ተስፋፋ። እምቦጭን የሚያደልበው ከእርሻና ከከተማ በወንዝ ታጥቦ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው። የገዳሙ አጥር ደሴቱ ዳር ላይ ያበቃል፤ ማዳበሪያውና ቆሻሻው ግን ከሩቅ ተነስቶ በውሃው ውስጥ ይመጣል። መነኩሴው ዛፍ ሊቆርጥ የመጣን ሰው ሊገሥጽ ይችላል፤ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ማሳ ግን ምን ያድርገው?

ቢሾፍቱም ከዚህ አላመለጠችም። ከሆራ ብዙ ሳይርቅ ያለውን ኪሎሌን ተመልከቱ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ሲባል ወደዚህ ሐይቅ እንዲዞር ተደረገ። ጨዋማና በአልጌ የጠቆረ የነበረው ውሃ ቀጠነ፤ በውስጡ የነበረው ሕይወትም ተለወጠ። አንድ የምህንድስና ውሳኔ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁን ሌላ ሐይቅ አደረገው። እኔ የዚያ ሙያ ልጅ ስለሆንኩ ይህ ታሪክ ሁሌ ያስደነግጠኛል። ቦዩን ስንቆፍር የምናሰላው ስንት ሄክታር እንደሚጠጣ ነው፤ ማን ምን እንደሚያጣ የሚለው ዓምድ ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ የለም።

በዓሎችም ይዳከማሉ። ኢሬቻ ራሱ በደርግ ዘመን ተጽዕኖ ደርሶበት ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና ያበበው ከዚያ በኋላ ነው። በዓሉ ሲታገድ ምስክሩም አብሮ ይታገዳል።

እምነት ሕግ ሲሆን

ከአገራችን ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እንይ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ታኦስ ፑዌብሎ የሚባል ነባር ሕዝብ አለ። ተራራው ላይ ያለው "ሰማያዊ ሐይቅ" ለነሱ የተቀደሰ ነው። በ1906 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት ቦታውን የመንግሥት ደን አካል አድርጎ ወሰደው። ሕዝቡ ካሳ ሊሰጠው ቢታሰብም ገንዘብ አንፈልግም፣ ሐይቃችንን መልሱልን አለ። ክርክሩ 64 ዓመት ፈጀ። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሐይቁና 48,000 ኤከር መሬት፣ ማለትም 19,000 ሄክታር ገደማ፣ በሕግ ተመለሰላቸው።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። እምነቱ ብቻውን ሐይቁን አላስመለሰም፤ ሕግ ነው ያስመለሰው። ግን እምነቱ ባይኖር ለ64 ዓመት ሳይሰለች የሚከራከር ሰው ከየት ይመጣ ነበር? እምነት ለመጽናት ጉልበት ይሰጣል፤ ሕግ ደግሞ ከዳርቻው ባሻገር ይደርሳል።

እኛም ሕግ አለን። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን የሚያደርገው ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ሐረማያም የሁሉም ነበር።

የሚቆጥረው ሰው

ያን "ሌላ ነገር" ያገኘሁት ቦረና ላይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ደረቅ ሜዳ ላይ ቱላ የሚባሉ እጅግ ጥልቅ የእጅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች ከላይ እስከ ታች በደረጃ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። ዘፈኑ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የእጆችን ምት ያስተካክላል።

እያንዳንዱ ጉድጓድ "አባ ኮንፊ" አለው፤ ጉድጓዱን መጀመሪያ ከቆፈረው ሰው ዘር የሚመጣ ኃላፊ ነው። ደግሞ "አባ ሄሬጋ" አለ፦ ተራ የሚያወጣው፣ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚቆጥረው ሰው። ተራውን የዘለለ ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ሥርዓቱ የቆመው በገዳ ሕግና በሰፉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ተራ መዝለል ጎረቤትን ከማስቀየም በላይ ነውር ነው።

አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 (እ.ኤ.አ.) በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በዚህ ዓይነት ጥናት ነው። ሰዎች የጋራ ግጦሽን፣ ዓሣን፣ መስኖን ሳያጠፉ ለመቶ ዓመታት የተጠቀሙባቸውን ቦታዎች መረመረች። ደጋግማ ካገኘቻቸው ነገሮች መካከል ግልጽ ወሰን፣ የተጠቃሚዎቹ የራሳቸው ሕግ፣ የሚቆጣጠር ሰውና ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት ይገኙበታል። ቦረናዎች ይህን ለመሥራት ኖቤልን አልጠበቁም።

አሁን ሐረማያን መለስ ብላችሁ እዩት። ሰው ሐይቁን ይወደው ነበር። ግን መውደድ አይቆጥርም። አባ ሄሬጋ አልነበረውም።

ወደ ማንቆርቆሪያው እንመለስ

የድሬዳዋ ውሃ ከደንገጎ ሸንተረር ጋር የተያያዘ ነው። ከሸንተረሩ በስተደቡብ የወረደ ዝናብ ወደ ሐረማያ በኩል ይሄዳል፤ በስተሰሜን የወረደው ወደኛ። ተዳፋቱ ዛፍና እርከን ካለው ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርግና ጉድጓዶቻችንን ይሞላል። ከተራቆተ ደግሞ በአንድ ሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ሊገባ ሲል የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፤ ድሬ ያን ሌሊት አትረሳውም። አንዱ ዝናብ ሁለት መልክ አለው፦ ወይ መጠጥ ይሆናል፣ ወይ ጎርፍ።

ከመሬት ሥር ያለው ውሃችን ላይ ደግሞ ጫናው ከሁለት ወገን ነው። በአንድ በኩል ለድሬም ለሐረርም ይቀዳል። በሌላ በኩል ከከተማው መጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገው ፍሳሽ አለ፤ ተመራማሪዎች በከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ናይትሬት ከፍ ብሎ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ናይትሬት ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ማንቆርቆሪያ ላይም ቅርፊት አይሠራም።

ችግሩ ይሄ ነው። ሐይቅ ሲቀንስ ይታያል፤ ዳርቻው ይሸሻል፣ ጭቃው ይሰነጠቃል። የከርሰ ምድር ውሃ ሲቀንስ ግን ማንም አያይም። ዳርቻ የለውም፤ ስለዚህ ሣር ይዞ የሚወርድበት ሰው የለም፣ ባለፈው ዓመት የቆመበትን ድንጋይ የሚያሳይ አያት የለም። ሆራ በየዓመቱ መቶ ሺህ ምስክር ይመጣለታል፤ የድሬ ውሃ ግን ምስክሩ የሥራ ላይ መዝገብ ብቻ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ሊከበር አይችልም እንዳትሉ የቦረና ጉድጓዶች አሉ። እነሱም ከመሬት ሥር ነው የሚቀዱት። ልዩነቱ ስም፣ ተራና ቆጣሪ ያላቸው መሆኑ ነው።

ሐረማያም ሙሉ በሙሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ተራራው ላይ እርከን ሲሠራ፣ ሰው ሲነጋገር፣ ጥሩ ዝናብም ሲዘንብ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። አሁን በዚያ መንገድ ስታልፉ ሜዳው ላይ ውሃ ሲያብረቀርቅ ታያላችሁ። ደስ ይላል፤ ያስፈራልም። ሞተሮቹ አሁንም እዚያው ናቸው። ደብተሩን የሚይዝ ሰው ካልተገኘ ያው ሒሳብ ያው መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ እናንተ ወጣቶች አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሠፈራችሁ ውስጥ ያለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ፈልጉ። የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ጠይቁና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ቀን መምረጥ ከቸገራችሁ ከመስቀል በኋላ ያለው እሑድ ጥሩ ቀን ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሰርጎ የሚታይበት ወቅት ነው፣ እነዚያ ሆራ ላይ የሚወርዱት ሰዎችም ይህን ከኛ በፊት አውቀውታል። ሁለት ቁጥር ካላችሁ መስመር አላችሁ። አሥር ቁጥር ካላችሁ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ "የድሬ አባ ሄሬጋ ማን ነው?" ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።